በእጅ የተነከረ የበግ ፀጉርን ፈትሎና ገምዶ የሹራብ ክር ማድረግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ቀለም የተነከረ የበግ ፀጉር ገዝተው ወይም ራሳቸው ነክረው በእንዝርት ወይም በእግር መዘውር ለሚፈትሉ፣ ከዚያም ሹራብ፣ ኮፍያና ካልሲ ለሚሠሩ ነው። ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ ጥጥ ሲፈተል እያዩ ያደጉ፣ አንዳንዶቹም ራሳቸው የፈተሉ ናቸው። ስለዚህ ከጥጥ የሚለይበትን ቦታ ደጋግመን እናነሳለን፤ ችግሩ በብዛት የሚመጣው ከዚያ ነውና።

ጥጥ መፍተል እችላለሁ። ለበግ ፀጉር ምን መቀየር አለብኝ?

ሁለት ነገር፦ በእጆችዎ መካከል ያለውን ርቀትና የጥምዙን (ፈትሉ የሚከርርበትን) መጠን።

የጥጥ ጭረት አጭር ነው፤ ብዙውን ጊዜ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ስለዚህ ጥጥ ፈታይ እጆቿን አቀራርባ፣ ፈጥና፣ አክርራ ትፈትላለች። ካላከረረች ይበጠስባታል። የበግ ፀጉር ግን እንደ ዝርያው ከ7 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። እጆችዎ ከዚህ ርዝመት በላይ ካልተራራቁ የአንዱን ፀጉር ሁለት ጫፍ በሁለት እጅ ይዘው እየጎተቱ ነው ማለት ነው፤ ምንም ቢታገሉ አይሳብም። ጀማሪ «ፀጉሩ ደረቀብኝ፣ አልሳብ አለኝ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ መፍትሔው የኋላውን እጅ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ማራቅና ጭብጡን ማላላት ብቻ ነው።

ጥምዝ ላይ ደግሞ ልማዱ ራሱ ያታልላል። ለድር የሚሆን ፈትል ሸማኔው ወጥሮ ስለሚሠራበት መክረር አለበት። የሹራብ ክር ግን የሚወጥረው የለም፤ ቀለበት እየሠራ ይታጠፋል፣ በውስጡ አየር ይዞ ያሞቃል። የከረረ የበግ ፀጉር ሲባጎ ይሆናል፤ ይሻክራል፣ ይከብዳል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል። «ቀጭን ፈታይ» መባል ለነጠላና ለጋቢ ትልቅ ሙገሳ ነው፤ ሹራብ ላይ ግን ለቅጥነት ሽልማት የለም።

የትኛውን ፀጉር ልግዛ?

ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሪዴል ወይም ብሉፌስድ ሌስተር የተባሉትን የበግ ዝርያዎች ፀጉር ይግዙ። ኮሪዴል ከ25 እስከ 31 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) ውፍረት አለው፤ እርስ በርሱ በልኩ ስለሚያያዝ በቀላሉ አይበጠስም። ብሉፌስድ ሌስተር ረዥም፣ የሚያብለጨልጭና ቀለም የሚያጎላ ነው። ሜሪኖ ከሁሉም ይለሰልሳል፤ ነገር ግን ቀጭንና አጠር ያለ ስለሆነ ብዙ ጥምዝ ይፈልጋል፣ በትንሽ ስህተትም ይጎጉላል። ስለዚህ ለሁለተኛው ወይም ለሦስተኛው ጉንጉን (ተጎንጉኖ ለሚሸጠው የተነከረ ፀጉር) ያቆዩት።

«ሱፐርዎሽ» የሚል ጽሑፍ ካዩ ፀጉሩ በማሽን ቢታጠብ እንዳይኮማተር በኬሚካል የታከመ ነው ማለት ነው። ቀለሙ ደማቅ ይሆናል፤ ነገር ግን ከእጅ ያዳልጣል፣ ሹራቡም ከታጠበ በኋላ የመርዘም ጠባይ አለው። ለሕፃን ልብስና ለካልሲ ጥሩ ነው። ለካልሲ ከሆነ 25 ከመቶ ያህል ናይለን የተቀላቀለበት ተረከዙ ላይ ቶሎ አይሳሳም።

በእጅ የተነከረ ፀጉር በብዛት የሚሸጠው በ100 ግራም ጉንጉን ነው። ለትልቅ ሰው ሹራብ ከ5 እስከ 6 ጉንጉን ይፈጃል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይግዙ፤ የእጅ ንክር ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይወጣም።

የመንዝ በግ ፀጉር ለሹራብ ይሆናል?

ለአንገትና ለደረት አይሆንም፤ ይኮሰኩሳል። የመንዝ በግ ሻካራ የላይ ፀጉርና ለስለስ ያለ የውስጥ ፀጉር ቀላቅሎ ያበቅላል። ለዚህም ነው መንዝና ደብረ ብርሃን አካባቢ ሴቶች እየፈተሉት፣ ወንዶች እየሸመኑት ባና፣ ዝተትና በርኖስ ሲሠራበት የኖረው፤ እነዚያ ብርድና ዝናብ የሚመክቱ ናቸው እንጂ ገላ የሚነኩ አይደሉም። ለደጋው በግ ማሻሻያ ከእስራኤል የመጣው አዋሲ የተባለው ዝርያም ቢሆን ፀጉሩ የምንጣፍ ዓይነት ነው። ከእነዚህ ፀጉር ቦርሳ፣ የወንበር ልብስ፣ ወፍራም የቤት ጫማ መሥራት ይቻላል፤ እዚያ ላይ ጥንካሬው ይጠቅማል። ነጩን የመንዝ ፀጉር አጥቦ መንከር ይቻላል። ቡናማውንና ጥቁሩን ግን ለምን ይነክሩታል?

እንዝርት ይበቃል ወይስ መዘውር መግዛት አለብኝ?

እንዝርት ይበቃል። ለቀጭን የበግ ፀጉር ከ25 እስከ 35 ግራም፣ ለመካከለኛ ከ35 እስከ 50 ግራም የሚመዝን ተንጠልጣይ እንዝርት ይያዙ። ለመግመድ (ሁለት ወይም ሦስት ነጠላ ፈትል አንድ ላይ ለማጠማዘዝ) ደግሞ ከዚህ ከበድ ያለና ብዙ ክር የሚይዝ ይመረጣል። ለጥጥ የተሠራው የአገር ቤት እንዝርት ቀላል ነው፤ ቀጭን ነጠላ ፈትል ያወጣል፣ ለሹራብ የሚሆን ወፍራም ፈትል ላይ ግን ቶሎ ይቆማል፤ ወደ ኋላም ይዞራል። ወደ ኋላ የዞረ እንዝርት ጥምዙን ይፈታና መሬት ይወድቃል።

መዘውር ፍጥነት ይሰጣል እንጂ የተሻለ ክር አይሰጥም። ከገዙ የመዘውሩን ምጣኔ ይወቁ። 10 ለ1 ማለት ትልቁ ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር ክሩ 10 ጊዜ ይጠመዘዛል ማለት ነው። በአንድ ርግጫ 2.5 ሴንቲ ሜትር ካሳለፉ በሴንቲ ሜትር 4 ጥምዝ አገኙ። ይህን ስሌት የያዘ ሰው ዛሬ የፈተለውንና የዛሬ ወር የሚፈትለውን ማመሳሰል ይችላል።

የገዛሁት ጉንጉን ደርቆ ተያይዟል። ተበላሽቷል?

አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም፤ ሲነከር ውሃና ሙቀት ጠቅጥቆት ነው። ጉንጉኑን ይፍቱ፣ በጎን ሳብ ሳብ እያደረጉ ያስፉት፣ ከዚያ እጆችዎን 20 ሴንቲ ሜትር አራርቀው በቁመቱ ቀስ ብለው ይሳቡት። ለቀቅ ሲል ይሰማዎታል፤ እዚያው ያቁሙ፣ እንዳይበጠስ። በዚህ ካልተላቀቀ በቁመቱ ወደ ቀጫጭን ክፋዮች ይሰንጥቁት። ይህም እምቢ ካለ እውነትም ተኮማትሯል። የሚተርፈውን በእጅ ማበጠሪያ አበጥረው ባዘቶ ያድርጉት፤ ቀለሙ ይቀላቀላል እንጂ ፀጉሩ አይጣልም።

ጉንጉኑ ላይ ያማረው ቀለም ከተገመደ በኋላ ለምን ደበዘዘ?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ይመጣል። መልሱም ከመፍተል በፊት ያለ ነው፤ እንዝርት ከመነሳቱ በፊት ጉንጉኑን ምን ያህል እንደሚሰነጥቁ ካልወሰኑ ቀለሙን ዕድል ይወስነዋል።

ሁለት ነጠላ ፈትል ሲገመድ የሁለቱ ቀለም ጎን ለጎን ይጠመዘዛል፤ ዓይን ከራቅ ብሎ ሲያየው ቀላቅሎ ነው የሚያየው። ቢጫና ሐምራዊ ሲገናኙ አመድማ ቡናማ ይሆናሉ። ቀይና አረንጓዴም እንዲሁ። ሰማያዊና አረንጓዴ፣ ወይም ቀይና ብርቱካናማ ግን ጎረቤት ስለሆኑ ድምቀታቸው አይጠፋም። ለመፈተን ከጉንጉኑ ሁለት ጫፍ ቁንጥር ፀጉር ይውሰዱ፣ በጣት አጠማዝዘው ይግመዱና ሁለት ሜትር ርቀው ይዩት። ካላማረዎት ከሚከተሉት አንዱን ይምረጡ።

ቀለሞቹ ተራ በተራ፣ ሳይቀላቀሉ እንዲወጡ ከፈለጉ ጉንጉኑን ሳይሰነጥቁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይፍተሉና በሰንሰለት ይግመዱት። ሰንሰለት ማለት አንዱን ነጠላ ፈትል እንደ ኪሮሽ ቀለበት እየሳቡ በራሱ ላይ ሦስት ማድረግ ነው፤ ቀይ ከቀይ ጋር ብቻ ይገመዳል። ዋጋው ርዝመት ነው፤ 300 ሜትር ነጠላ ፈትል ከ100 ሜትር ያነሰ ግምድ ይወጣዋል።

ሁለተኛው መንገድ ጉንጉኑን በቁመቱ እኩል ሁለት ከፍሎ ሁለቱንም በአንድ የቀለም ተራ ፈትሎ መግመድ ነው። በሐሳብ ደረጃ ቀለሞቹ ይገጣጠማሉ። በተግባር ግን አንዱ ፈትል ትንሽ ስለሚቀጥን ይረዝማል፣ መሃል ላይ ሲደርሱ ቀለሙ ተዛንፏል። መዛነፉን ካልወደዱ የቀደመውን ፈትል ይበጥሱ፣ ትርፉን ያውጡ፣ ቀለሙ ሲገጥም መልሰው ይቀጥሉ። የተረፈውን ለጥገና ያስቀምጡት።

ሦስተኛው ፈታዮች «ፍራክታል» የሚሉት ነው፤ እኛ ብዙ ቀለም ላለው ጉንጉን ከሁሉ አስቀድመን የምንመክረው ይህን ነው። 100 ግራሙን በቁመቱ ሁለት 50 ግራም ያድርጉ። አንዱን ሳይሰነጥቁ ይፍተሉ። ሌላውን በቁመቱ እንደገና 4 ቦታ ይሰንጥቁና አራቱን ክፋይ አንዱን ካንዱ እያስከተሉ፣ ሁልጊዜ ከአንድ የቀለም ጫፍ በመጀመር ይፍተሉ። ጉንጉኑ 6 ቀለም ካለው በአንደኛው ፈትል ላይ 6 ረዣዥም የቀለም መስመር፣ በሁለተኛው ላይ 24 አጫጭር መስመር ይወጣል። ሲገመዱ ረዥሙ ቀለም ከበስተኋላ ሆኖ አጭሩ ይፈራረቅበታል። ሹራቡ ላይ ሥርዓት ያለው ሆኖም የማይደጋገም ጥለት ይታያል። ክፋዮቹን ሲያስቀምጡ የመጀመሪያውን ጫፍ በክር ይሰሩ፤ አንዱ ከተገለበጠ ሥርዓቱ ይፈርሳል።

ምን ያህል ላክርረው?

ለካልሲ የሚሆን ቀጭን ባለ 2 ግምድ ክር፣ ነጠላ ፈትሉ በሴንቲ ሜትር ከ3 እስከ 5 ጥምዝ፣ ግምዱ ከ2 እስከ 3 ጥምዝ ይበቃዋል። ለሹራብ የሚሆነው ወፈር ያለ ክር ከዚህ ያንሳል። በጥቅሉ ሲገመድ የሚሰጠው ጥምዝ ሲፈተል ከተሰጠው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው።

ቁጥር ለማይወድ ደግሞ የተሻለ ፈተና አለ። ገና ከእጅዎ የወጣውን ፈትል 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይሳቡ፣ እጥፍ አድርገው ይልቀቁት። ራሱን በራሱ ይገምዳል፤ የሚያዩት ሲጠናቀቅ የሚኖረውን ክር ነው። ላልቶ ክፍተት ከታየበት ጥምዝ ይጨምሩ፣ እንደ ሽቦ ከጠነከረ ይቀንሱ። የወደዱትን ናሙና ቆርጠው በካርቶን ላይ ያስሩና በየ10 ደቂቃው ያነጻጽሩ። ፈትሉ ካደረ በኋላ ይህ ፈተና አይሠራም፤ ጥምዙ አልጠፋም፣ ተኝቷል። ውሃ ሲነካው ይነቃል።

ሲፈትሉ ወደ ቀኝ ካዞሩ ሲገምዱ ወደ ግራ ያዙሩ። ለሁሉም ነጠላ ፈትል አንድ አቅጣጫ ይያዙ። አንዱ ቦቢን (በመዘውሩ ላይ ፈትሉ የሚጠቀለልበት በከራ) ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ከተፈተለ ሲገመዱ አንዱ ይፈታል፣ ሌላው ይከራል፤ መድኃኒት የለውም።

ሳይገመድ ነጠላውን ብሠራበትስ?

ይቻላል፤ ለሻርፕ ያምራል። ነገር ግን ነጠላ ፈትል የሚፈታበት ተቃራኒ ጥምዝ ስለሌለው ሜዳው ሹራብ ወደ አንድ ጎን ይጋደማል፣ ጎኑ ላይ ያለው ስፌት ዞሮ ፊት ለፊት ይመጣል። ባለ 2 ግምድ ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ ለቀዳዳ ጥለትና ለሻርፕ ይስማማል። ባለ 3 ግምድ ክብ ነው፤ ሽሩባ ጥለትን ያጎላል፣ ካልሲም ላይ ይበረታል።

በትክክል የሚገመደው እንዴት ነው?

የተፈተለው ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር። ገና የወጣ ፈትል ይንጫጫል፣ ይቆላለፋል።

በመዘውር ከሆነ ሁለቱን ቦቢን ከኋላዎ አንድ ሜትር ያህል አርቀው፣ ሁለቱም እኩል ጉተት እንዲኖራቸው አድርገው ያቁሙ። ሁለቱን ክር በአንድ እጅ ጣቶች መካከል ለይተው ይያዙ። 30 ሴንቲ ሜትር ለማሳለፍ ስንት ርግጫ እንደሚያስፈልግ ከናሙናው ካርቶን ጋር አስተያይተው ይወስኑ፣ ከዚያ ቆጠራውን አይልቀቁ። ግምድ ላይ ዓይን ሳይሆን ቆጠራ ነው የሚታመነው።

በእንዝርት ከሆነ ሁለቱን ነጠላ ፈትል መጀመሪያ አንድ ላይ ወጠር አድርገው በኳስ ያጠንጥኑ። ከዚያ ከአንዱ ኳስ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እየለቀቁ ይግመዱ። ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ሥራውን የሚያጠፋው ክር በመፍታት ነው።

ለሹራብ ብዙ ጉንጉን የሚፈትሉ ከሆነ ሁሉንም ፈትለው ሳይጨርሱ መግመድ አይጀምሩ። መጀመሪያ ላይ የፈተሉትን መጨረሻ ላይ ከፈተሉት ጋር ይግመዱት፤ የእጅ ለውጥና የቀለም ልዩነት በመላው ሹራብ ላይ ይሰራጫል። አለበለዚያ አንዱ እጅጌ ከሌላው ይወፍራል።

ስገምድ የሚገጥመኝ ብልሽት ከምን ይመጣል?

አንዱ ክር ቀጥ ብሎ ሌላው እየተጠማዘዘ ከዞረበት የጉተት ልዩነት ነው፦ አንዱ ቦቢን ይለቃል፣ አንዱ ይይዛል። የላላውን ጠበቅ ያድርጉ። በሁለቱ መካከል ክፍተት የሚታይበት ግምድ ጥምዝ አንሶታል፤ በዚያው በግምዱ አቅጣጫ አንድ ጊዜ ደግመው ያሳልፉት። ከመጠን በላይ የከረረው ደግሞ በተቃራኒው፣ በፍተላው አቅጣጫ ትንሽ ይለቀቅለት። አንዱ ነጠላ ደጋግሞ የሚበጠስ ከሆነ ስህተቱ መግመድ ላይ አይደለም፤ ሲፈተል ጥምዝ ሳይገባበት የተሳበ ቦታ አለ። የተበጠሰውን ሁለት ጫፍ ሳስ አድርገው 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ያደራርቡ፣ አብረው ይግመዱት። ቋጠሮ አይቋጥሩ፤ ሹራቡ ላይ ይወጣል።

ነጠላ ፈትሉ እዚህም እዚያም ቀጥኖና ወፍሮ ከሆነ፣ ሲገመድ ቀጭኑ ላይ ቀጭን ሲገጥም ደካማ ቦታ፣ ወፍራሙ ላይ ወፍራም ሲገጥም እብጠት ይሆናል። ከመግመድ የሚገኘው አንዱ ጥቅም ይህን ማቻቻሉ ነው፤ በመጠኑ ያልተስተካከለ ነጠላ ፈትል ተገምዶና ታጥቦ ሲያዩት አብዛኛው ይጠፋል።

ታጥቦ መድረቅ አለበት? ክብደት ልስቀልበት?

መታጠብ አለበት፣ ክብደት አይሰቀልበትም። ክሩን በቱባ አድርገው አራት ቦታ ላላ ባለ ክር ይሰሩት። 40 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ባለው ውሃ ውስጥ ጥቂት ሻምፑ ጨምረው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይዘፍዝፉት። አያሹት። የሚያኮማትረው ሙቀት ብቻውን አይደለም፤ ሙቀት፣ ሳሙናና ማሸት ሲገናኙ ወይም ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ በድንገት ሲዘዋወር ነው። በዚያው ሙቀት ውሃ ያለቅልቁት፣ ፎጣ ውስጥ ጠቅልለው ይጫኑት፣ ሁለት እጅ ውስጥ አስገብተው ጠበቅ ጠበቅ ያድርጉት፣ ከዚያ ጥላ ሥር ይስቀሉት። ክብደት ከተሰቀለበት ተለጥጦ ይደርቃል፤ ሹራቡ ተሠርቶ መጀመሪያ ሲታጠብ የተለጠጠው ይመለሳል፣ ልብሱም ያጥራል።

ደርቆ የተንጠለጠለ ቱባ ሳይጠማዘዝ ክፍት ከሆነ ሚዛኑን ጠብቋል። አንድ ዙር ቢጠማዘዝ አያሳስብም። ከመታጠቡ በፊት ግን አይፍረዱበት።

ስንት ሜትር እንደሆነና በስንት ቁጥር መርፌ እንደምሠራ እንዴት ልወቅ?

ከታጠበ በኋላ ይለኩ። የቱባውን አንድ ዙር ርዝመት በዙሮቹ ብዛት ያባዙ፦ 1.5 ሜትር በ140 ዙር 210 ሜትር ነው። ቀጥሎ ክሩን ሳይወጥሩ፣ ሳይደራርቡ ማስመሪያ ላይ ይጠምጥሙና በ2.5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት እንደገባ ይቁጠሩ። ከ14 እስከ 16 ከገባ ለካልሲና ለቀጭን ሻርፕ ነው፣ ከ2.25 እስከ 3 ሚሊ ሜትር መርፌ ይሞክሩ። 11 ወይም 12 ከሆነ ለሹራብና ለሕፃን ልብስ፣ በ4 ሚሊ ሜትር አካባቢ። 9 ወይም 10 ከሆነ ለኮፍያና ለክረምት ሹራብ፣ ከ4.5 እስከ 5 ሚሊ ሜትር። የእጅ ፈትል ከፋብሪካ ክር ይልቅ ስለሚሞላ በአንድ ውፍረት ሜትሩ ሊያንስ ይችላል፤ የሹራብ መመሪያ ላይ የተጻፈውን ግራም ሳይሆን ሜትሩን ይከተሉ፣ 10 ከመቶ ትርፍም ይያዙ።

ራሴ ልነክረው እችላለሁ? ቀለሙስ ለምን ይለቃል?

የበግ ፀጉር ፕሮቲን ስለሆነ ቀለሙን የሚይዘው በአሲድና በሙቀት ነው። ለ100 ግራም ደረቅ ፀጉር ከ1 እስከ 2 ግራም የአሲድ ቀለም ዱቄትና 100 ሚሊ ሊትር ያህል አቼቶ ይበቃል። ፀጉሩን አስቀድመው 30 ደቂቃ ለብ ባለ ውሃ ይዘፍዝፉ፣ ቀለሙን ይቀቡ፣ በላስቲክ ጠቅልለው ከ30 እስከ 45 ደቂቃ በእንፋሎት ያብስሉ፣ በራሱ ጊዜ እስኪቀዘቅዝ አይንኩት። የምግብ ቀለምም በዚህ መንገድ ይይዛል። እርድ ቆንጆ ቢጫ ይሰጣል፣ ፀሐይ ግን ቶሎ ያጠፋዋል። የማብሰያውን ድስት ለምግብ መልሰው አይጠቀሙበት።

የሚለቅ ቀለም ወይ በዝቷል፣ ወይ አሲድ ወይም ሙቀት አንሶታል። ሁለት ሦስት ጊዜ ታጥቦ ካልጠራ ቱባውን አቼቶ በገባበት ውሃ ውስጥ አድርገው ሳይንፈቀፈቅ 85 ዲግሪ ገደማ ለ30 ደቂቃ ያሙቁትና እዚያው ይቀዝቅዝ። ነጭና ቀይ አብረው በሚሠሩበት ሹራብ ላይ ይህን ሳያረጋግጡ መጀመር ድፍረት ነው።

ብል እንዳይበላው ምን ላድርግ?

ሳይታጠብ አያስቀምጡ፤ ላብና ቅባት ብልን ይስባል። በደንብ በሚዘጋ ላስቲክ ያሽጉት። ጥርጣሬ ካለ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ውስጥ 2 ሳምንት ያቆዩት።

ሁለተኛው ቦቢን አልቆ አንደኛው ላይ ነጠላ ፈትል ተረፈ። ይጣል?

አይጣል። ጥቂት ሜትር ከሆነ በእጅ መዳፍ ዙሪያ፣ በመሃል ጣት እያዞሩ ይጠምጥሙት፤ ሁለቱ ጫፍ ነፃ ይሁን። ከዚያ ጥምጥሙን ወደ አንጓ ያውርዱና ሁለቱን ጫፍ ይዘው ራሱን ከራሱ ጋር ይግመዱ። የአንዲስ ተራራ ፈታዮች ዘዴ ነው። ብዙ ከሆነ ሁለቱም ጫፍ የሚወጣበት ኳስ አድርገው ይግመዱት። የቀለም ተራው እዚህ ላይ ስለሚገለበጥ ይህንን ቁራጭ ለእጅጌ ጫፍ ወይም ለኮፍያ መዳረሻ ይተዉት።